የእንዝራው ድምፅና የመብራቱ ድምፅ፦ አንድ የበገና መምህር ቤታቸው ውስጥ መቅረጫ ሲያደራጁ

ጉዳዩ የጀመረው በቅሬታ ነው።

አንድ የበገና መምህር አሉ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል። ስማቸውን እዚህ አልጠቅስም፤ እኔ ሁልጊዜ «መምህር» ነው የምላቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው። የሚኖሩት አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከተማሪዎቻቸው ገሚሱ ቤታቸው ድረስ እየመጡ ይማራሉ። የቀሩት ዋሽንግተንና አካባቢው ያሉ የሀበሻ ልጆች ናቸው። እነሱን የሚያስተምሩት ቅዳሜና እሑድ ማታ በቪዲዮ ነው።

የውጪዎቹ ልጆች ቅሬታ አንድ ዓይነት ነበር። «መምህር፣ ሲያወሩ ጥርት ብሎ ይሰማናል። በገናውን ሲነኩት ግን አንዴ ብቅ ይልና ይጠፋል።»

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ደወሉልኝ። ሥራዬ ድምፅ ቀረጻ ስለሆነ ነው። ጥያቄያቸው አጭር ነበር። «ልጄ፣ ምን ልግዛ?»

ይህን ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እጠየቃለሁ። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ቢት የሚሠሩ ወይም የሚዘፍኑ ወጣቶች ናቸው። ለእነሱ የምሰጠው መልስ አፌ ላይ ነው። የመምህር ጉዳይ ግን ሌላ ሆነ። መልሱን ለማግኘት ሦስት ወር ፈጀብን፤ በመሀል እኔም ሁለቴ ተሳስቻለሁ። የአገራችንን የዜማ መሣሪያ ቤቱ ሆኖ መቅዳት ለሚፈልግ ሰው የሚጠቅም ብዙ ነገር ስላየሁበት ከነስህተቱ እጽፈዋለሁ።

መሣሪያው

በገና አሥር አውታር አለው። አውታሩ በባህሉ የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። ከላይ ቀንበሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ወደ ታች ወርዶ በርኩማው ላይ ያርፋል። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መሀል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። እንዝራ የምትባለው እሷ ናት። አውታሩ ሲነካ ቆዳዋን ደጋግሞ ይመታታል። ያ «ዝዝዝ» የሚል፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። እንዝራዋ የፀጉር ያህል ከቦታዋ ከተንሸራተተች የአውታሩ ድምፅ ይደርቃል። መምህር አንድ መዝሙር ከመጀመራቸው በፊት ሩብ ሰዓት ሙሉ እንዝራ ሲያስተካክሉ አይቻለሁ። ጆሯቸውን ወደ ገበታው፣ ቆዳ ወደተወጠረበት የበገናው ሳጥን፣ ጠጋ ያደርጋሉ። አውታሩን ነካ፣ ቆዳዋን በጥፍራቸው ገፋ፣ እንደገና ነካ ያደርጋሉ። ድምፁ ሲገባላቸው ዓይናቸውን ይከድናሉ።

በገና ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ለጸሎትና ለተመስጦ ይደረደራል እንጂ አደባባይ ላይ አይጮህም። ዘማሪውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያዜመው። በዚያ ላይ ወፍራም ነው። የመምህርን በገና በኮምፒውተር ስለካው የታችኞቹ አውታሮች ከ100 ኸርዝ (በሴኮንድ ከ100 ንዝረት) በታች ነው ያረፉት።

ዝግ ያለ፣ ወፍራም፣ እየነዘረ የሚቆይ ድምፅ። የዛሬ ስልክና ኮምፒውተር እንዲህ ያለውን ድምፅ የሚያውቀው የማራገቢያ ወይም የፍሪጅ ድምፅ አድርጎ ነው። የቪዲዮ ጥሪ ሶፍትዌሮች የሰው ንግግር እንዲጠራ ሲሉ ከጀርባ ሳያቋርጥ የሚነዝረውን ለይተው ያጠፋሉ። የመምህርን በገና ሲያጠፋው የከረመው ይኸው ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ ስለዚህ ምንም ገንዘብ አልጠየቀም። የሚያስተምሩት በዙም ነበር። ዙም ላይ ለሙዚቀኞች ተብሎ የተዘጋጀ፣ ድምፁን ሳያጣራ እንዳለ የሚያሳልፍ ምርጫ አለ። እሱን አበራሁላቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዷ ተማሪ «መምህር፣ በገና ቀየሩ እንዴ?» አለቻቸው። የዜማ መሣሪያ በኢንተርኔት የሚያስተምር ሰው ሁሉ፣ ማይክ ከመግዛቱ በፊት ይህን ምርጫ ፈልጎ ያብራ። ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው።

ገንዘቡና ጊዜው

ትምህርቱ ተስተካከለ። ተማሪዎቹ ግን ሌላም ነገር ይፈልጉ ነበር። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 17 ነው። ለ55ቱ ቀን በስልካቸው ይዘውት የሚለማመዱበት፣ መምህር ራሳቸው የደረደሩት ቅጂ ፈለጉ። ስቱዲዮ ገብተው እንዲቀዱ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። መምህር አንድ ጊዜ ሞክረውት ስለነበር አልወደዱትም። ሰዓት እየተቆጠረባቸው፣ ከመስታወት ወዲያ ሰው እየጠበቃቸው መጸለይ አልቻሉም። ቤታቸው ሆነው፣ በፈለጉት ሰዓት መቅዳት ነው የፈለጉት።

ልጆቹ ተዋጥተው 500 ዶላር አሰባሰቡ። አንዷ ለገና አዲስ አበባ ትመጣ ስለነበር ዕቃው በእሷ ሻንጣ እንዲመጣ ተስማማን። እዚህ መግዛቱ አላዋጣም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። የማይክና የሳውንድ ካርድ (ማይክን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ዕቃ) ዋጋም አብሮ ተሰቅሏል።

በሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ግን ተመልሶ የሚለወጥበት መንገድ የለውም። ከተሳሳትን ተሳሳትን ነው። በዚያ ላይ ገንዘቡ ከልጆች ኪስ ተለቅሞ የመጣ ነው፤ ማባከኑ ያሳቅቀኝ ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር ወሰንኩ። ምንም ነገር ከማዘዛችን በፊት፣ በተዋስነው ዕቃ እዚያው ክፍል ውስጥ እንሞክራለን።

ዳይናሚኩ

ኮንዶሚኒየም ጫጫታ ነው። ታች ግቢው ውስጥ ልጆች ይጫወታሉ። ከመንገዱ የታክሲ ረዳት ጥሪ ይሰማል። ጎረቤት ቴሌቪዥን ይከፍታል። ለእንዲህ ያለ ቤት የተለመደው ምክር «ዳይናሚክ ማይክ ግዛ፣ ኮንዴንሰር ሁሉን ይሰበስብብሃል» የሚል ነው። ዳይናሚክ ቅርብና ጠንከር ያለ ድምፅ የሚፈልግ፣ ኮንዴንሰር ደግሞ ትንሹን ድምፅ እንኳ የሚለቅም የማይክ ዓይነት ነው። እኔም ለብዙ ሰው ያልኩት ይህንኑ ነው። የራሴን ሹር ኤስኤም58 ይዤ ሄድኩ። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ፣ በየመድረኩ የምናየው ማይክ ነው። ለዘፋኝ አሁንም የምመክረው እሱን ነው።

ለበገናው ግን አልሆነም። ጌኑን (የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ) እስከ መጨረሻው ከፍቼ እንኳ ድምፁ ትንሽ ሆነ፤ ከሥሩ ደግሞ የሳውንድ ካርዱ «ሽሽሽ» ይሰማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኤስኤም58 ለአንድ ፓስካል (የድምፅ ግፊት መለኪያ ነው) የሚያወጣው ኤሌክትሪክ 1.85 ሚሊቮልት ነው። ደህና ኮንዴንሰር ለዚያው ድምፅ ከአሥር እጥፍ በላይ ያወጣል። ከንፈር ላይ ተጠግቶ ለሚዘፈን ድምፅ ልዩነቱ አይሰማም። በገና ላይ ግን ሥራውን ያበላሸዋል።

«ታዲያ አስጠግተው» አሉኝ መምህር። አስጠጋሁት። ማይኩ ከገበታው አራት ጣት ሲርቅ የሚሰማው የጣት ምት ብቻ ሆነ፤ ዱም፣ ዱም። እንዝራው ጠፋ። በገና ድምፁን የሚሰበስበው ከአውታሩም፣ ከበርኩማውም፣ ከገበታው ቆዳም ስለሆነ፣ ድምፁ አየር ላይ የሚዋሃድበት ርቀት ያስፈልገዋል። ሁለት ስንዝር ተኩል ላይ ነው በገና የሚሆነው።

ያን ቀን ነው የለመድኩት ምክር ግማሹ ብቻ እውነት መሆኑን የገባኝ። ዳይናሚክ ጫጫታን አያባርርም። ጫጫታውን የሚያባርረው አፍ ላይ መጠጋቱ ነው። መጠጋት ካልተቻለ ጥቅሙ የለም።

ያጸዳሁት ድምፅ

በሁለተኛው ሳምንት ከሥራ ባልደረባዬ ኮንዴንሰር ተውሼ ሄድኩ። ማይኩን በሁለት ስንዝር ተኩል ርቀት፣ ወደ በርኩማው ትንሽ ዘንበል አድርጌ ተከልኩት። መምህር ጀመሩ። ሄድፎኑን እንዳጠለቅሁ ፀጉሬ ቆመ። እያንዳንዷ እንዝራ ለብቻዋ ትሰማለች። ጣታቸው አውታሩን ለቆ ሲነሳ እንኳ ይሰማል።

ከበገናው ሌላም የሚሰማ ነበር። ፍሪጁ አለ፤ ደረጃው ሥር ያለው የውሃ ፓምፕ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ «እምምም» የሚል፣ የማይለወጥ፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ድምፅ አለ።

ቅጂውን ቤቴ ወስጄ «አጸዳሁት»። ድምፅ ማጽጃው መጀመሪያ ዝም ያለውን ቦታ ያጠናል፣ ከዚያ ያንን የሚመስለውን ሁሉ ከቅጂው ላይ ይቀንሳል። በኢንተርኔት ትምህርት ላይ ሁሉም እንደሚያደርገው ከ100 ኸርዝ በታች ያለውንም ቆረጥኩ። እውነቱን ለመናገር በሥራዬ ረክቼ ነበር። ጀርባው ጸጥ ብሏል።

መምህር ሄድፎኑን አድርገው ሰሙ። አንድ ደቂቃ ያህል ዝም አሉ። ከዚያ አወለቁት።

«ልጄ፣ ይሄ የኔ በገና አይደለም። አድርቀኸዋል።»

አልተከራከርኩም። ከመጀመሪያው ቅጂ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ሰማሁት፤ ልክ ነበሩ። እንዝራው መጀመሪያ ላይ ብልጭ ይልና ጅራቱ ይቆረጣል። ማጽጃው ያንን «እምምም» የሚል ድምፅ፣ ኋላ እንደደረስንበት የመብራቱን እምታ፣ ሲለቅም እንዝራውንም አብሮ ለቅሞታል። ከ100 በታች የቆረጥኩት ደግሞ የበገናውን ሆድ ይዞ ሄዷል።

ከዚያ በስልኬ ድምፅ ማጉያ አጫወትኩት። ጉዳቱ የባሰው እዚያ ነበር። የስልክ ማጉያ ትንሽ ስለሆነ ወፍራሙን መሠረታዊ ድምፅ ጭራሽ አያወጣውም። ሆኖም ያልተነካው የመጀመሪያ ቅጂ በስልክም ሲሰማ በገና ነው። እንዝራው ለእያንዳንዱ ወፍራም ድምፅ ከላዩ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይደርብለታል። ጆሯችን እነዚያን ሰምቶ ከሥር ያለውን፣ ስልኩ ያላወጣውን ወፍራም ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። እንዝራው ከጠፋ ስልክ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ተማሪዎቹ የሚሰሙት ደግሞ በስልክ ነው።

እዚህ ላይ የምንፈልገው ዕቃ ምን ዓይነት እንደሆነ ለየሁ። ቀድቶ የሚጸዳ ድምፅ አይሆነንም። ከመነሻው ንጹሕ ሆኖ መቀዳት አለበት።

መብራቱ

የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። እምታው የሚሰማው 50 ላይ፣ 100 ላይ፣ 150 ላይ እያለ ነው። በገናው የሚኖርበት ሰፈር ማለት ነው። በክራር ወይም በዋሽንት ቢሆን ኖሮ ከሥር ቆርጬ እገላገለው ነበር። በገና ላይ ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው።

ምንጩን አንድ በአንድ ፈለግን። የላፕቶፑን ቻርጀር ስነቅለው እምታው ከግማሽ በላይ ወረደ። ሶኬቱ በደንብ የተሠራ የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) እንደሌለው በመለኪያ አየሁ። በብዙ ኮንዶሚኒየም የሚያጋጥም ነገር ነው። የጣሪያውን ረጅም አምፖል ስናጠፋ ደግሞ ትንሽ ወረደ። የቀረው የፍሪጁ ነው። የመምህር ባለቤት ፍሪጁ ሲነቀል ደስ አላላቸውም። «ወጡ ይበላሽብኛል» አሉ። ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው ተብሎ ተስማሙ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ማታ እየሞከርን ሳለ መብራት ጠፋ። የሰፈሩ በሙሉ። እንደልማዴ ዕቃዬን ልሰበስብ ስል ሄድፎኑ ጆሮዬ ላይ ነበርና ቀጥ አልኩ። ፓምፑ ዝም ብሏል። የጎረቤት ቴሌቪዥን የለም። እምታው የለም። ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ነው። በሄድፎኑ የሚሰማው የመምህር ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«መምህር፣ አሁን ይጀምሩ» አልኳቸው። ሻማ አጠገባቸው አድርገው ጀመሩ። የዚያ ምሽት ቅጂ ምንም ማጽጃ አላስፈለገውም።

ክፍሉ

ስለ ክፍሉ ብዙ አልልም። ሦስት በሦስት ነው፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ሲያጨበጭቡ ቻው ብሎ ይመልሳል። የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ድምፅ አይጠጣም። ጋቢ ብቻውን ቀጭን ነው፣ ላይ ላዩን ብቻ ነው የሚያለዝበው። ትልቅ ለውጥ ያመጣው ሁለት የስፖንጅ ፍራሽ ነው፤ አንዱን ከመምህር ጀርባ፣ አንዱን ከማይኩ ጀርባ አቆምን። ቁምሳጥኑን ከነልብሱ ከፍተን ተውነው። ክፍሉን ሙሉ በሙሉ ማፈን ግን አልፈለግንም። በገና ትንሽ አየር ይወዳል።

ምን ገዛን

መጀመሪያ ላይ ወረቀት ላይ የጻፍኩት ዝርዝር ሁለት ማይክ ነበረው፤ አንዱ ለበገናው፣ አንዱ ለድምፃቸው። ከዚያ ባለሁለት መግቢያ ሳውንድ ካርድ፣ ሄድፎን፣ ገመዶች። በ500 ዶላር ይህን ሁሉ ለመግዛት ሁሉም ዕቃ ርካሽ መሆን አለበት። ርካሽ ኮንዴንሰር ደግሞ ራሱ የሚፈጥረው ሹክሹክታ አለው። ለጩኸታም ድምፅ አይታወቅም፤ ለበገና ይታወቃል።

ዝርዝሩን የቀየረው አንድ ጥያቄ ነው። መምህር በገናውንና ዜማውን ለየብቻ መቅዳት ይፈልጋሉ ወይ? በጭራሽ። በገናና ዘማሪ አብሮ የሚተነፍስ ነገር ነው። ከደረደሩ ያዜማሉ፣ ካዜሙ ይደረድራሉ። ስለዚህ ሁለት ማይክ አያስፈልግም። አንድ ጥሩ ማይክ፣ ሁለቱ ድምፆች በሚመጣጠኑበት ቦታ ይበቃል። ሚዛኑን የምናስተካክለው ከቀረጻ በኋላ በኮምፒውተር (በሚክስ) ሳይሆን ማይኩን በሁለት ጣት ከፍና ዝቅ በማድረግ ነው።

የመረጥነው የሮድ ኤንቲ1 አምስተኛ ትውልድ ነው። ዋጋው ያኔ 250 ዶላር ገደማ ነበር። የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አምራቹ እንደሚለው የማይኩ የራሱ ሹክሹክታ 4 ዴሲቤል ብቻ ነው። በዚህ ዋጋና ከዚያ በታች ያሉ ብዙ ማይኮች ከዚህ በብዙ ይበልጣሉ፤ የታወቀው ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 ለምሳሌ 20 ነው። ሁለተኛ፣ በተለመደው የስቱዲዮ ማይክ ገመድም (ኤክስኤልአር)፣ በዩኤስቢም ይሠራል። በዩኤስቢ ከሆነ ሳውንድ ካርድ አያስፈልግም። የ140 ዶላሩ ሳውንድ ካርድ፣ ፎከስራይት ሶሎ፣ ከዝርዝሩ ወጣ። አንድ ማይክ፣ አንድ ገመድ፣ አንድ በባትሪ የሚሠራ ላፕቶፕ። እምታ የሚገባበት በር አነሰ።

የዩኤስቢው መንገድ ሌላም ጥቅም አለው። 32 ቢት ፍሎት በሚባል አቀዳድ ይቀዳል። በተለመደው አቀዳድ ጌኑ ከበዛ ድምፁ ይሰባበራል፣ ካነሰ ይደበዝዛል። በዚህኛው ግን ዝቅ ብሎ የተቀዳውን በኋላ ከፍ ማድረግ፣ ከፍ ብሎ የተቀዳውንም ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሌሊት ብቻቸውን ተነስተው ለሚቀዱ ሰው፣ የሚነካ ቁልፍ አለመኖሩ ትልቅ ዕረፍት ነው።

የዩኤስቢ ማይክን ለሁሉም ሰው አልመክርም። በተቀዳ ሙዚቃ ላይ እየሰማ የሚዘፍን፣ ወይም ነገ ጊታርና ኪቦርድ የሚጨምር ሰው ሳውንድ ካርድ ያስፈልገዋል። ይህ ማይክ የሄድፎን መሰኪያ የለውም፤ በኮምፒውተር ዞሮ የሚመጣ ድምፅ ደግሞ ይዘገያል። መምህር ግን ሲቀዱ ምንም አይሰሙም። የሚሰሙት በገናቸውን ነው።

ሄድፎኑ ሶኒ 7506 ሆነ፣ 100 ዶላር ገደማ። ስፒከር አልገዛንም። እንዲህ ባለ ትንሽ ክፍል ውስጥ ወፍራም ድምፅ አንዱ ጥግ ላይ ይበዛል፣ ሌላው ጥግ ላይ ይጠፋል፤ በስፒከር የሰማነውን ማመን አንችልም ነበር።

የማይክ መቆሚያውን ከመርካቶ ገዛን። የመጀመሪያው ማይኩን መሸከም አቅቶት በየደቂቃው አንገቱን ይደፋ ነበር። በሁለተኛው መሠረቱ ከባድ የሆነውን መረጥን።

ከቀረው ገንዘብ የገዛነውን ዕቃ በየትኛውም የስቱዲዮ ዕቃ ዝርዝር ላይ አላየሁትም። ለልጃቸው አሮጌ ላፕቶፕ አዲስ ባትሪ ነው። የድሮው ሃያ ደቂቃ አይቆይም ነበር። ለእኔ ከማይኩ ቀጥሎ በጣም የጠቀመን እሱ ነው።

ሶፍትዌሩ

ሶፍትዌር ላይ ሁሉም ሰው የራሱን ይመክራል። ከዋሽንግተን አንዱ ተማሪ ፕሮቱልስን መከረ። የሰፈር ልጆች ኩቤዝና ኤፍኤል ስቱዲዮ በፍላሽ ይዘው መጡ፣ ክራክ (ሳይከፈልበት የተሰበረ ቅጂ) ናቸው። ኤፍኤል ቢት ለሚሠራ ሰው ግሩም ነው፤ እዚህ ግን ቢት የለም፣ ረጅም የቀጥታ ቀረጻ ነው ያለው። የክራኩን ነገር በቀጥታ አልቀበልም አልኩ። መምህር የሚቀዱት መዝሙር ነው፤ ለመዝሙር የተሰረቀ ዕቃ እንዲይዙ አልፈለግሁም። እሳቸውም ሲሰሙ ፊታቸው ተቀየረ። በዚያ ላይ ክራክ ኮምፒውተሩን ሲያጓትት፣ ቫይረስም ይዞ ሲገባ ደጋግሜ አይቻለሁ።

የቀሩት ሁለት ነበሩ። ኦዳሲቲ ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፤ ገንዘብ ባይኖር ኖሮ በእሱ እንቀዳ ነበር፣ በጥራቱም ምንም አይጎድልም ነበር። ሪፐር የተባለውን የመረጥኩት ለአጠቃቀሙ ስል ነው። ዊንአምፕን የሠራው ጀስቲን ፍራንክል ነው የሠራው፤ የእኔ ዘመን ሰዎች ዊንአምፕን አይረሱትም። የሚወርደው ፋይል ከ20 ሜጋባይት ብዙም አይዘልም፣ በስልክ ዳታ እንኳ ይወርዳል። አሮጌ ላፕቶፕ አያስጨንቅም። 60 ቀን ያለ ክፍያ ይሞከራል፣ ከዚያ ለግለሰብ 60 ዶላር ነው። ከዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል አስቸጋሪ ስለሆነ ከተማሪዎቹ አንዱ እዚያው ከፈለ።

ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ሪፐር ላይ ቁልፎቹን እንደፈለጉ ማደራጀት ይቻላል። መምህር እንግሊዝኛ ብዙ አያነቡም፣ መነጽርም ያስፈልጋቸዋል። ሁሉንም ነገር ደብቄ ሦስት ትላልቅ ቁልፎች ብቻ አስቀረሁ። በአማርኛ ጻፍኩባቸው፦ ቅዳ፣ አቁም፣ አሰማ። ፕሮግራሙ ሲከፈት ትራኩ ተዘጋጅቶ፣ ማይኩ ተመርጦ ይጠብቃቸዋል። ያን ለማስተካከል አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። አንድም ማጽጃ አልጫንኩበትም።

ቀረጻው

ልጅቷ ለገና ደረሰች። ማይኩን በነጠላና በሹራብ ጠቅልላ አምጥታዋለች፣ ምንም አልሆነም። ጥር ላይ መቅዳት ጀመሩ።

ሰዓቱን ራሳቸው አገኙት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 10። ከዚያ በፊት መንገዱ አያርፍም። 11 ሲቃረብ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ድምፅ ማጉያ ይነሳል። ውሻ ሲጮህ ያቆማሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይቀጥላሉ። አንድ ሌሊት ላፕቶፑ መሀል ላይ ባትሪ ጨርሶ ጠፋባቸው። ሪፐር እየቀዳ ዲስክ ላይ ስለሚጽፍ እስከዚያች ደቂቃ የተቀዳው አልጠፋም፤ በማግስቱ ፋይሉን አገኘሁት።

የእኔ ድርሻ ትንሽ ነበር። መጀመሪያና መጨረሻውን እቆርጣለሁ፣ ድምፁን ወደ አንድ ልክ አመጣለሁ፣ በቃ። ለተማሪዎቹ የምንልከው በቴሌግራም ነው፤ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል። የድምፅ መልእክቱ ለንግግር ተብሎ ስለሚጨመቅ እንዝራውን ያሳሳዋል።

ጾሙ ሲገባ ዘጠኝ መዝሙር ደርሶ ነበር። አንደኛው ልጅ ሥራው ሹፍርና ነው። ሌሊት ሰው ሲጠብቅ በስልኩ ማጉያ እንደሚሰማው ጻፈ። አንዷ ደግሞ አንዱን ቅጂ እየሰማች የራሷን እንዝራ አስተካክላ የቀዳችውን ላከች። መምህር ሰምተው፣ ሦስተኛው አውታርሽ ደርቋል፣ ቆዳዋን ወደ ታች ገፋ አድርጊያት ብለው መለሱላት። ከአትላንቲክ ወዲያ ያለች አንዲት የቆዳ ቁራጭ በስልክ ተስተካከለች። ከዚህ ሥራ በጣም ያስደሰተኝ ይህ ነው።

ያልተፈታም አለ። የበልግ ዝናብ ሲጀምር የጎረቤቱ ቆርቆሮ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ይንጫጫል፣ ያኔ መቅዳት የለም። የድምፃቸውና የበገናው ሚዛንም አንዴ ከተቀዳ አይለወጥም። ሁለት መዝሙር ላይ በገናው ትንሽ ጎልቶ ወጥቷል፣ እንዳለ ተውነው። የቅጂው ማስቀመጫም ላፕቶፑና አንድ ፍላሽ ብቻ ነው። ሌላ ዲስክ እስኪገዛ ድረስ እኔ ጋ ሦስተኛ ቅጂ አስቀምጫለሁ።

መጋቢት ውስጥ አንድ ምሽት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ስልኬ ጮኸ። የእኔም ሰፈር ጨለማ ነበር።

«ልጄ፣ እናንተም ጋ ጠፋ?»

«ጠፍቷል መምህር።»

«እንግዲያው ልጀምር። ሰክቼዋለሁ» አሉና ዘጉት።